ቁጥር 14 ላይ የተቀመጠችው ልጅ

ባለፈው እትም ስለ ቤተ እስራኤላውያን የስግድ በዓል ስጽፍ፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሆና የእስራኤል ሚኒስትር የነበረችውን የፕኒና ታማኖ-ሻታን ስም በአንድ መስመር ጠርቼ አለፍኩ። ማለፍ ግን አልተቻለም። አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ግማሹ ጥያቄ፣ ግማሹ ቁጣ። ስድስቱን መርጫለሁ። የቀሩት ወይ ከእነዚህ ጋር አንድ ናቸው፣ ወይ ለመጽሔት የማይሆን ስድብ አለባቸው።

ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። በሱዳን በኩል እስራኤል የገባሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ጡረተኛ ነኝ። ፖለቲካ በትምህርት ቤት አልተማርኩም። ግን እዚህ አገር የአውቶቡስ ሾፌር በየሰዓቱ ዜና ይሰማል። ሬዲዮው ቲት፣ ቲት ሲል "ድምፁን ከፍ አድርገው" የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። የእኔ ዩኒቨርሲቲ እሱ ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ጥያቄ፦ "ጋሼ፣ እኔ አዘዞ ነው የምኖረው። ፕኒና የተወለደችው እዚሁ ጎንደር አካባቢ ነው ይሉናል። በሦስት ዓመቷ ወጥታ እንዴት ሚኒስትር ሆነች? በዘመድ ነው በትምህርት?"

በዘመድ አይደለም ወንድሜ። ያኔ እዚህ አገር ማናችን ዘመድ ነበረን?

የተወለደችው በ1981 ነው፣ ጎንደር አጠገብ ውዛባ በምትባል መንደር። በ1984 መጨረሻ ከአባቷና ከአምስት ወንድሞቿ ጋር ከሱዳን በአውሮፕላን ወጣች። እናቷ አብራ አልነበረችም። እናት የደረሰችው ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህቺን ነገር ብዙ ሰው አንብቦ ያልፋታል። እኔ አላልፋትም። ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ያወጣው ዘመቻ ሙሴ የተጀመረው ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ላይ ተቋረጠ። ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በምስጢር የተያዘው ነገር ጋዜጣ ላይ ወጣና ሱዳን በሩን ዘጋች። 7 ሺህ ያህል ሰው ወጣ፣ የቀረው ቀረ። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ። እኛ ኡም ራኩባ በሚባለው መጠለያ ነበርን። ስም የሚጠራው ሌሊት ነው። የጭነት መኪናው ሲሞላ "የቀራችሁት ነገ" ይባላል። ያ "ነገ" ለአንዳንዱ ሰው ሰባት ዓመት ሆነበት። የእኔ ትልቋ ልጅ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። እሷን አዝዬ ስሳፈር ታናሽ ወንድሜን እዚያው አፈር አልብሼው ነው። በመንገድና በመጠለያ ያለቀው ሰው 4 ሺህ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ስለዚህ "ፕኒና ሚኒስትር ሆነች" ሲባል መጀመሪያ የምትታየኝ ያለ እናቷ አውሮፕላን የወጣችው ሕፃን ናት። ቢሮው በኋላ ነው የሚመጣው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አዎ፣ በትምህርት ነው። ያደገችው ፔታህ ቲክቫ ከተማ ነው። ኦኖ በሚባለው ኮሌጅ ሕግ አጠናች። ተማሪ ሳለች በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር አመራር ውስጥ ነበረች። ከ2007 እስከ 2012 ደግሞ በሕዝባዊው ቴሌቪዥን፣ በሰርጥ 1፣ ዘጋቢ ሆና ሠራች። ይህ ቀላል እንዳይመስልህ። እኛ ፊታችንን ዜና ላይ የምናየው ወይ ሰልፍ ሲኖር ወይ ስግድ ሲሆን ነበር። ማይክ ይዛ የምትጠይቅ፣ ሌላው የሚመልስላት የኛ ልጅ ማየት ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ ዜናውን አትሰማም፤ ልጅቷን ነው የምታየው። "ምን አለች?" ስላት "ቀሚሷ አምሮባታል" ትለኛለች።

በ2012 ያኢር ላፒድ፣ እሱም የቴሌቪዥን ሰው የነበረ፣ የሽ አቲድ የሚባል ፓርቲ አቋቋመ። "ወደፊት አለ" ማለት ነው። ፕኒናን ከእጩዎቹ ዝርዝር 14ኛ ላይ አስቀመጣት። በጃንዋሪ 2013 ምርጫ ፓርቲው በፓርላማው ማንም ያልጠበቀውን 19 ወንበር አገኘ። ገባች። ምክትል አፈ ጉባኤም ሆነች። ይህን 14 የሚል ቁጥር ያዝልኝ፤ ቀጥሎ ላለው ጥያቄ እንፈልገዋለን።

ጥያቄ፦ "ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከጉለሌ። ወይዘሮዋን የመረጧት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው ማለት ነው? የምርጫ ወረዳዋስ የት ነው?"

መምህር፣ ወረዳ የሚባል ነገር የለም። አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ሲገባ ትናንሽ ወረቀቶች ተደርድረው ያገኛል። በየወረቀቱ የአንድ ፓርቲ ፊደል ታትሟል። አንዷን ያነሳል፣ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል። አለቀ። "ፕኒናን እፈልጋለሁ፣ ከእሷ በላይ ያለውን አልፈልግም" ማለት አይቻልም።

ከዚያ ፓርቲዎቹ የክነሴቱን፣ ማለትም የፓርላማውን፣ 120 ወንበር እንደ ድምፃቸው ይካፈላሉ። ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ምርጫው ከመድረሱ በፊት የተጻፈው ዝርዝር ነው። በአንዳንድ ፓርቲ ዝርዝሩን አባላቱ በድምፅ ያወጡታል። በላፒድና ፕኒና በኋላ በገባችበት በቤኒ ጋንትዝ ፓርቲዎች ግን መሪው ነው የሚያወጣው።

እኔ ይህን የማስረዳው በሥራዬ ነው። አውቶቡሱ 19 መቀመጫ ይዞ ከመጣ 14ኛው ሰው ይቀመጣል። 11 መቀመጫ ይዞ ከመጣ 13ኛው ፌርማታው ላይ ይቀራል። ጨዋ ቢሆን፣ ትኬት ቢኖረው፣ ዝናብ ቢመታው ለውጥ የለውም።

ፕኒና በ2015 የገጠማት ይኸው ነው። በዝርዝሩ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ 13ኛ ተደረገች። ፓርቲው ግን ከ19 ወደ 11 ወረደ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ አውቶቡሱ አነሰ። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ ሰው በዚያው ዓመት ለቀቀና 12ኛው ገባ። እሷ እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ቆየች። ያዕቆብ ፔሪ፣ የቀድሞው የአገር ውስጥ ደኅንነት ኃላፊ፣ ወንበሩን ሲለቅ ተራዋ ደረሰ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። አንድ ፖለቲከኛ በሦስት ዓመት ውስጥ ይረሳል። እሷ አለመረሳቷ ራሱ ሥራ ነው ባይ ነኝ።

"ማኅበረሰባችሁ ብቻውን ፓርቲ ቢያቆምስ?" ይሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። በ2006 ከእኛው መካከል የተነሱ ሰዎች ፓርቲ አቁመው ለምርጫ ቀረቡ። ያገኙት 14 ሺህ ያህል ድምፅ ነው። ፌርማታ ላይ ቀሩ። አሁን ደግሞ መግቢያው፣ አንድ ፓርቲ ወንበር ለማግኘት ከጠቅላላው ድምፅ ማግኘት ያለበት፣ ከፍ ብሎ 3.25 በመቶ ሆኗል። በ2015 ያ ማለት 137 ሺህ ያህል ድምፅ ነበር። እኛ ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ተቆጥሮ ከ160 ሺህ በላይ ብንሆን ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ሁለት ሐበሻ አንድ ፓርቲ እንደማይመርጥ እርስዎም ያውቁታል።

ስለዚህ "እኛ መረጥናት" አልልዎትም፣ ዋሽቼ እሆናለሁ። ቁጥሩን የሰጣት አንድ የፓርቲ መሪ ነው። ስልኳን የሚደውልላት ግን የእኛ ሕዝብ ነው። የኪራይ ቤት ያጣ ይደውላል፣ ልጁ የታሰረበት ይደውላል፣ እናቱ ጎንደር የቀረችበት ይደውላል። ዕድሜዋን ሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነች። የእሷን መንገድ ማንበብ የፈለገ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ጥያቄ፦ "ሚኒስትር የነበረችን ሴት 'እሷ' እያሉ መጻፍ ነውር አይደለም? ደግሞ ክነሴት የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊ መሆኗን ለምን አልጻፉም? ከባሕር ዳር።"

በአገር ቤት ወግ እውነትዎን ነው። ግን ዕብራይስጥ "እርስዎ" የሚል ቃል አያውቅም። እዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁን ሕፃኑም አዛውንቱም "ቢቢ" ነው የሚለው። አርባ ዓመት ኖሬበት ለምዶብኝ ነው። በዚያ ላይ የልጄ እኩያ ናት። ፊት ለፊት ባገኛት "እርስዎ" ማለቴ አይቀርም፤ እዚህ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና "እሷ" እንዳልኩ ልቀጥል።

የመጀመሪያዋ ስለሚሉት ላርምዎት። ክነሴት የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው አዲሱ መሰለ ነው፣ በ1996፣ በሌበር ፓርቲ። ከእሱ በኋላም ሌሎች ወንዶች ገብተዋል። በ2013 እንኳ ከፕኒና ጋር በዚያው ፓርቲ ሺሞን ሰለሞን ነበረ። እሷ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ሜይ 17 ቀን 2020 ደግሞ ከወንድም ከሴትም ቀድማ ኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነች።

ጥያቄ፦ "አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምሠራ ነርስ ነኝ። የፓርላማ አባል ሆና ደሟን አንቀበልም አሏት የሚባለው እውነት ነው? ወይስ የኢንተርኔት ወሬ?"

እውነት ነው እህቴ።

ዲሴምበር 2013 ነው። ክነሴቱ ግቢ ውስጥ የደም ልገሳ ነበር። ፕኒናም ሄደች። መመሪያው የኢትዮጵያ ተወላጅ ደም እንደማይፈቅድ ተነገራት። ጥቂት ቀድተው ሊያስቀምጡት፣ ግን ለማንም ሳይሰጡት ሊያቆዩት እንደሚችሉ ነገሯት። የቴሌቪዥን ካሜራ ቀርጾታል። ማታውን አገሩ በሙሉ አየው።

እንደ ነርስነትሽ ሕጉን ማወቅ ትፈልጊያለሽ። ከ1977 በኋላ ኤችአይቪ በብዛት በሚታይባቸው አገሮች ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ደም አይሰጥም ይል ነበር። በወረቀት ላይ ሲያዩት ስለ በሽታ የሚያወራ ነው። ግን ይህቺ ሴት ከኢትዮጵያ የወጣችው በሦስት ዓመቷ ነው። እስራኤል ውስጥ 29 ዓመት ኖራለች። ምን ዓይነት ምርመራ ነው በ29 ዓመት የማያልቅ?

የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም ነገር ደግሞ አለ። በዚያን ጊዜ የጤና ሚኒስትሯ ያኤል ጌርማን ነበሩ። የፕኒና የራሷ ፓርቲ ሰው! መመሪያው በገዛ ፓርቲዋ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ደም ሰብሳቢዎቹን ከግቢው ውጡልኝ ያለው አፈ ጉባኤው ዩሊ ኤደልስታይን ነው። እሱም ከሶቪየት ኅብረት የመጣ ስደተኛ ነው፤ ከሌላ ፓርቲ።

የእኔን ልንገርሽ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጋራዣችን ድረስ እየመጡ በዓመት ሁለት ጊዜ ደም ይሰበስቡ ነበር። እኔ አንድም ጊዜ ቀርቼ አላውቅም። ጭማቂና ብስኩት ይሰጡናል፣ ግማሽ ሰዓት እንተኛለን፣ ከሩሲያና ከሞሮኮ ከመጡት ሾፌሮች ጋር እንቀላለዳለን። "ዛሬ የሐበሻ ደም የገባለት ሰው እንደ ሯጮቻችሁ ይሮጣል" ይሉኛል። ስቄ እመለሳለሁ። የለጋሽ ካርዴን ቦርሳዬ ውስጥ ከልጆቼ ፎቶ ጋር ነበር የምይዘው።

በጃንዋሪ 1996 ጋዜጣ ላይ ወጣ። የእኛ ደም ለብቻው እየተለየ፣ ሳይነገረን፣ ይጣል ነበር። ያን ቀን በአውቶቡሱ ሬዲዮ ነው የሰማሁት። ፌርማታ አልፌ ሄድኩ፤ አንዲት አሮጊት እየጮኸች ነው ያስቆመችኝ። ጃንዋሪ 28 ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት፣ በሺዎች ሆነን ወጣን። ቄሶቻችን ጥላ ይዘው ከፊት ነበሩ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰብን። ሰልፉን ከመሩት አንዱ አዲሱ መሰለ ነበር። ከወራት በኋላ ክነሴት ገባ። እንግዲህ እሱን ደም ክነሴት አስገባው፤ ፕኒናን ደግሞ ክነሴት ከገባች በኋላ ያው ደም እዚያው ድረስ ተከትሎ አገኛት።

መመሪያው ከዓመታት በኋላ ተሻሽሏል። ካርዴ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለመቅደድ ሁለት ጊዜ አውጥቼው መልሼዋለሁ።

ጥያቄ፦ "ጋሼ፣ ብዙ አታሞግሳት። ልጆቻችን በፖሊስ ሲደበደቡ የት ነበረች? ወንድሜ ጎንደር ሆኖ ወደ እስራኤል ለመምጣት ወረፋ ከያዘ ሃያ ዓመት ሆነው። ላፒድንም ከድታ ወደ ጋንትዝ ሄደች። ምን ሠራች በለኝ! ከነታንያ ከተማ፣ እዚሁ እስራኤል።"

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁጣሽን አልከራከርም። በየተራ እንየው።

ከክዳቱ ልጀምር። በ2019 የላፒድና የጋንትዝ ፓርቲዎች ካሖል ላቫን፣ "ሰማያዊና ነጭ"፣ በሚል ስም ተጣምረው ነበር። ለመራጩ የነገሩት አንድ ነገር ነው፤ ከኔታንያሁ ጋር መንግሥት አንመሠርትም። በማርች 2020 ጋንትዝ ሐሳቡን ቀየረ። ላፒድ ተለይቶ ወጣ። ፕኒና የላፒድ ሰው ሆና ከጋንትዝ ጋር ቀረች። ከሁለት ወር በኋላ የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ሆነች። ክዳት ነው? ላፒድ 14ኛ አድርጎ ያስገባት፣ 13ኛ አድርጎም ያስቀራት ሰው ነው፤ ዕዳው የተዘጋ ይመስለኛል። ለመራጩ የተሰጠው ቃል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ንጹሕ እጅ አልነበረም። ያው፣ ከሠላሳ በላይ ሚኒስትሮች የነበሩት መንግሥት ነው፤ ንጹሕ እጅ ፍለጋ ብንገባ ማን ይተርፋል?

በ2021 ጋንትዝ ለብቻው ሲወዳደር እሷን 2ኛ አደረጋት። ከ14 ወደ 2! አውቶቡሱ ግን ያኔ ስምንት መቀመጫ ብቻ ነበረው።

ፖሊሱን በተመለከተ፣ በ2015 የጸደይ ወራት ወታደር ልብስ የለበሰ ልጃችን ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጥቶ ቴል አቪቭ ስትናወጥ፣ እሷ ከፓርላማ ከወጣች ሳምንታት ብቻ ሆኗት ነበር። ወጣቱ ሰለሞን ተካ በ2019 ክረምት በፖሊስ ጥይት ሲሞት ደግሞ በተቃዋሚ ወንበር ላይ ነበረች። ሥልጣን በያዘችበት ጊዜም ፖሊስ በእሷ ሥር አልነበረም። ይህ ለአንቺ መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ። እኔም ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ማታ ሲወጡ መታወቂያ ያዙ የምላቸው አባት ነኝ።

ወንድምሽ ጋ ስንደርስ ግን ልቆይ፤ እዚያ ላይ የሚቆጠር ነገር አለ።

በኦክቶበር 2020 መንግሥት 2 ሺህ ሰው ከኢትዮጵያ እንዲመጣ ወሰነ። ዘመቻው "ጹር እስራኤል"፣ "የእስራኤል ዓለት" ተባለ። ዲሴምበር 3 የመጀመሪያው አውሮፕላን 316 ሰው ይዞ ቤን ጉሪዮን አረፈ። ፕኒና አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ አብራቸው ነበር የመጣችው። እስከ ማርች 2021 ሁለት ሺዎቹ ገቡ። በኖቬምበር 2021 ለተጨማሪ 3 ሺህ ያህል ሰው ተወሰነ፣ በረራው በጁን 2022 ጀመረ። አሁንም እሷ ነበረች ሚኒስትሯ። ስለዚህ ምን ሠራች ላልሽው ይኸው 5 ሺህ ሰው። ጎረቤቴ ከእነሱ አንዷ ናት። እናቷን ያገኘቻት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። እናቲቱ በሩ ላይ ቆማ ልጇን "አንቺ የማን ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

ወንድምሽ ከአምስት ሺዎቹ ውስጥ የለም። ይህንንም መሸፈን አልፈልግም። ማን ይመጣል፣ ማን አይመጣም የሚለውን የሚወስነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ ሚኒስቴር ነው። የቅበላ ሚኒስትር በሩ ላይ ቆማ የምትቀበል ናት፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ነው። በ2022 ጦርነቱ ሲነሳ ከዩክሬንና ከሩሲያ የመጣው ብዛት ደግሞ ዓመቱን ወደ 70 ሺህ አደረሰው። ያንን ጎርፍ ያስተናገደችው የውዛባዋ ልጅ ናት። ብዙዎቻችን "ለእነሱ በሳምንት፣ ለእኛ በሃያ ዓመት?" ብለናል። እኔም ብያለሁ፣ አልክድም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንቺን ደስ ይልሽ ይሆናል። ከእሷ በፊት የሊኩዱ፣ የኔታንያሁ ፓርቲ፣ የክነሴት አባል አብርሃም ንጉሤ ነበረ። በኖቬምበር 2015 መንግሥት 9 ሺህ ሰው አመጣለሁ ብሎ ወሰነ፣ ከወራት በኋላ በጀት የለም አለ። በ2016 ንጉሤና ዴቪድ አምሳለም ከገዛ ፓርቲያቸው ጋር ድምፅ አንሰጥም ብለው ተቀመጡ። መንግሥቱ ከ120 ወንበር 61 ብቻ ነበረው። ሁለት ሰው ሲጎድል ድምፅ መሸነፍ ጀመረ። ከዚያ ቁጭ ብለው ተስማሙ። ሚኒስትር አልነበረም፤ አንድ ድምፅ ነበረው፣ ያቺን ድምፅ ነፈጋቸው። ፕኒና እንዲህ ያለውን ነገር ብታደርግ ኖሮ ወንድምሽ ዛሬ እዚህ ይሆን ነበር? ለራሴ ስመልሰው አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወንበሩን አጥታ ሁለት ሺዎቹም ይቀሩ ነበር እላለሁ።

የአሁኑን ለማወቅ ከፈለግሽ፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሚኒስትር አይደለችም። ክነሴት ውስጥ ግን በዚያው ዓመት ምርጫ ተመልሳ ገብታ የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴን መርታለች። የኮሚቴ ስብሰባ ማንም ዜና አያደርገውም፤ በሬዲዮም አይመጣም። የወንድምሽን ጉዳይ በጽሑፍ አድርገሽ ላኪላት። በስልክ ብቻ አትተይው፤ ወረቀት መልስ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ "ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው፣ ጎተንበርግ ነው የምኖረው። ስዊድን የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው። እንደ ፕኒና ፖለቲካ መግባት እፈልጋለሁ። እናቴ 'አርፈሽ ተማሪ፣ ፖለቲካ ያባላል' ትለኛለች። ከየት ልጀምር?"

ልጄ፣ እናትሽ ከየት እንደመጣች አስታውሺ። እሷ ያደገችበት አገር ፖለቲካ በእውነት ያባላ ነበር። አትቆጫት።

እናንተ አገር ከእኛ የተሻለ አንድ ነገር አለ። ስዊድን ውስጥም የሚመረጠው የፓርቲ ዝርዝር ነው። ግን መራጩ ወረቀቱ ላይ ከሚፈልገው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ማድረግ ይችላል። በምርጫ ክልሉ ከፓርቲው ድምፅ 5 በመቶ ያህሉ ስምሽ ላይ ምልክት ካደረገ፣ ከታች ብትቀመጪም ዘለሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ገባሽ? ፕኒና በ2015 ይህ ዕድል አልነበራትም። 13ኛ ያለሽ ሰው የመጨረሻውን ቃል አይናገርም ማለት ነው።

ምርጫው በየአራት ዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ፣ በወሩ ሁለተኛ እሑድ ነው። ለፓርላማው ዜግነት ያስፈልጋል። ለኮሙን፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር፣ ምክር ቤት ግን ሦስት ዓመት ተመዝግቦ የኖረ የውጭ ዜጋም መምረጥም መመረጥም ይችላል። እናትሽ ፓስፖርት ባይኖራት እንኳ ላንቺ ምልክት ማድረግ ትችላለች! ይህን ንገሪያት።

እዚያው አገርሽ ሌላም ሰው አለችልሽ። ኒያምኮ ሳቡኒ ብሩንዲ የተወለደች ናት፣ ስዊድን የገባችው በ12 ዓመቷ ነው፣ እንዳንቺው በልጅነቷ። በ2002 ፓርላማ ገባች፣ በ2006 ሚኒስትር ሆነች፣ በ2019 የሊበራሎቹ ፓርቲ መሪ። ከአንዳንድ ሐሳቧ ጋር ስደተኞቹ ራሳቸው ክፉኛ ተጣልተዋታል። የእኛዋም እንደዚያው ናት። ከራስሽ ሰው የሚመጣው ቁጣ ከሌላው ይልቅ እንደሚያምሽ ከአሁኑ እወቂው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ፕኒና ከተማሪዎች ማኅበር ነው የጀመረችው። አንቺ ከዚያም ቀላል ነገር አለልሽ። የኮሙን ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል። ስለ ቆሻሻ ገንዳና ስለ መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ሰዓት ሲከራከሩ ሳትተኚ ከቆየሽ ለሥራው ትሆኛለሽ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ቡና በፔርሙዝ ያዙ። ሲያልቅ ምን እንዳለች ጻፊልኝ።